ወጣት ሴቶችና ኤች አይ ቪ፦ ስለ ማኅበራዊ መንስኤዎቹ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች በጤና ጣቢያ የምክር ክፍሎች፣ በትምህርት ቤት ክበባትና በወላጆች ስብሰባ ላይ በተደጋጋሚ የሚነሡ ሲሆኑ፣ መልሶቹ በዋናነት የኢትዮጵያን ሁኔታ ይመለከታሉ (የጥናቶቹ ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ወጣት ሴቶች ከወጣት ወንዶች ይበልጥ በኤች አይ ቪ ይያዛሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች 1.2 በመቶ፣ ከወንዶች ደግሞ 0.6 በመቶ የሚሆኑት ቫይረሱ በደማቸው እንደሚገኝ አሳይቷል። የሴቶቹ የወንዶቹን እጥፍ ነው ማለት ነው። ከ2017 እስከ 2018 በከተሞች ብቻ የተካሄደው ሌላ አገር አቀፍ ጥናትም ከ15 እስከ 64 ዓመት የሆናቸውን መርምሮ በሴቶች 4.1፣ በወንዶች 1.9 በመቶ አግኝቷል።

ልዩነቱ በወጣትነት ዕድሜ ይሰፋል። የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም በየጊዜው እንደሚገልጸው፣ ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ከ15 እስከ 24 ዓመት የሆናቸው ሴቶች በቫይረሱ የመያዝ ዕድላቸው ከእኩዮቻቸው ወንዶች ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። እዚህ ላይ "እኩዮቻቸው" የሚለውን ቃል ልብ ይሏል። ልጃገረዶቹ ቫይረሱ የሚደርሳቸው ከእኩዮቻቸው ካልሆነ ከማን ነው? ከዚህ በታች ያሉት አብዛኞቹ መልሶች የሚዞሩት በዚህች ጥያቄ ዙሪያ ነው።

የሴት ሰውነት የተለየ ስለሆነ አይደለም እንዴ?

የሰውነት ተፈጥሮ የራሱ ድርሻ አለው። በግብረ ሥጋ ግንኙነት ጊዜ በሴቷ በኩል ለቫይረሱ የሚጋለጠው ስስ ሽፋን ሰፊ ነው፤ በልጅነት ዕድሜ ደግሞ የማኅፀን በር ሽፋን ገና ያልበሰለ በመሆኑ ተጋላጭነቱ ይብሳል፤ ግንኙነቱ በግድ ሲሆን መቁሰልም ይጨመርበታል። ነገር ግን የሴት ተፈጥሮ በጎንደርም በስቶክሆልምም አንድ ነው፤ የስቶክሆልሟ የ19 ዓመት ልጅ ግን ከወንድ እኩያዋ በሦስት እጥፍ አትያዝም። ስለዚህ ለልዩነቱ መንስኤ ፍለጋ ከሰውነት ወጥቶ ወደ ትዳር፣ ወደ ሥራ፣ ወደ ትምህርትና ወደ ገንዘብ መሄድ ግድ ይላል።

ኤች አይ ቪ ቀንሷል እየተባለ ለምን እንደገና ይነሣል?

መቀነሱ ሐሰት አይደለም፤ ሆኖም ወደ 600 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በአገሪቱ ከቫይረሱ ጋር ይኖራሉ፣ ከእነርሱም የሚበዙት ሴቶች ናቸው። አማካይ ቁጥሩም ብዙ ይደብቃል፤ በዚያው በ2016ቱ ጥናት በገጠር 0.4 በመቶ የነበረው ስርጭት በከተማ 2.9፣ በአዲስ አበባ 3.4፣ በጋምቤላ 4.8 በመቶ ነበር።

ዛሬ 18 ዓመት የሞላት ልጅ የተወለደችው የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መታደል ከጀመረበት ከ2005 በኋላ ነው። ታላላቆቿ የሚያስታውሱትን፣ በየሰፈሩ የእድር ጥሩምባ በላይ በላይ ይነፋ የነበረበትን ዘመን አላየችም፤ ከዚያ ወዲህም በሬዲዮና በትምህርት ቤት ስለ ጉዳዩ የሚነገረው ቀንሷል። ከ15 እስከ 24 ዓመት ከሆናቸው መካከል ስለ ኤች አይ ቪ የተሟላ እውቀት ያላቸው ሴቶች 24 በመቶ፣ ወንዶች 39 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ይኸው ጥናት መዝግቧል።

በዕድሜ ከሚበልጥ ወንድ ጋር መሆን ለምን የተለየ አደጋ ይሆናል?

በቀላል ስሌት፣ የ35 ዓመት ወንድ ከ20 ዓመቱ ወጣት ይልቅ ብዙ ግንኙነቶችን ስላሳለፈ ቫይረሱ በደሙ የመገኘት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። በደቡብ አፍሪካ ኩዋዙሉ ናታል ተመራማሪዎች ከብዙ ሰዎች ደም የተገኙ ቫይረሶችን የዘር መዋቅር አነጻጽረው ማን ከማን ጋር እንደሚቀራረብ ሲከታተሉ፣ ከ25 ዓመት በታች የሆኑ ሴቶች ቫይረሱ የደረሳቸው በአማካይ 8.7 ዓመት ከሚበልጧቸው ወንዶች መሆኑን ደረሱበት። ሴቶቹ ዕድሜያቸው ሲገፋ ቫይረሱ ለእኩዮቻቸው ወንዶች ይተላለፋል፤ ከእነዚያም ወንዶች ብዙዎቹ ተመልሰው ከታናናሽ ልጃገረዶች ጋር ይወዳጃሉ። ዑደቱ የሚዘጋው በዚህ መንገድ ነው።

ከስሌቱ የሚከብደው ግን የአቅም ልዩነቱ ነው። ከክልል መጥታ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት የጀመረች ተማሪን በመኪናው እየወሰደ የሚመልሳት፣ የስልክ ካርድና የቤት ኪራይ የሚችልላት ሰው "ሹገር ዳዲ" ተብሎ በጓደኞቿ መካከል ይሳቅበት ይሆናል፤ እርሷ ግን የከበደ ውለታ ተሸክማለች። ውለታ የተሸከመ ሰው "ተመርመር" ለማለት አፉ አይከፈትም። በእኛ ባህል ደግሞ ታላቅን መቃወም ነውር ተብሎ ያደገች ልጅ ድርብ ጫና አለባት።

ባል ያላት ሴት በአንድ ተወስና እየኖረች እንዴት ትያዛለች?

ለዓመታት የተማርናቸው ሦስቱ "የመ ሕጎች"፣ መታቀብ፣ መወሰንና መጠቀም፣ ሴቲቱ ራሷ ወሳኝ እንደሆነች አድርገው ይነሣሉ። በ15 ዓመቷ የተዳረች ልጅ መታቀብን አልመረጠችም፤ ኮንዶምን ማንሣት በትዳር ውስጥ እንደ ክስ ይቆጠራል፤ መወሰንም ሁለቱም ካልተወሰኑ ጥበቃ አይሆንም። በ2016ቱ ጥናት ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ግማሾቹ ያገቡት 17.1 ዓመት ሳይሞላቸው ሲሆን፣ ለወንዶች ተመሳሳዩ ዕድሜ ከ23 ዓመት በላይ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላል፣ የወንጀል ሕጉም ያስቀጣል፤ ቢሆንም ድግሱ "የክርስትና" ወይም "የተዝካር" ተብሎ ሲደገስ ቀበሌው አላየሁም ይላል።

ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ከጋብቻው በኋላ ያለው ነው። በልጅነታቸው የተዳሩ ብዙ ሴቶች ትዳሩ አልሆን ብሎ ይፈታሉ። የፈታች ልጅ ወደ ወላጆቿ ቤት ብትመለስ "ጋለሞታ" የሚል ስም ይጠብቃታል፣ ትምህርቷንም ካቆመችበት መቀጠል አይቻላትም። ቀጣዩ መንገድ የወረዳው ከተማ፣ ከዚያ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ነው። የፈቱና ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ላይ ስርጭቱ በትዳር ካሉትና ካላገቡት ከፍ ብሎ የሚታየው በአንድ በኩል በዚህ ምክንያት ነው።

ከገጠር ወደ ከተማ የሚመጡ ልጆችስ ለምን ተለይተው ይጠቀሳሉ?

መርካቶ አጠገብ ባለው አውቶቡስ ተራ ንጋት ላይ የቆመ ሰው መልሱን ያየዋል። ፌስታል የያዘች የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅ ከአገር አቋራጭ አውቶቡስ ወርዳ የዘመድ ስልክ ቁጥር የተጻፈባትን ብጣሽ ወረቀት ትፈልጋለች፤ ስልኩ አይነሣም፤ ደላላው ግን ከእርሷ ቀድሞ አጠገቧ ቆሟል። በዚያው ቀን በማታውቀው ቤት ሠራተኛ ሆና ትገባለች፤ ደመወዟን ተደራድሮ የሚወስነው ደላላው ነው፣ የመጀመሪያው ወር ክፍያም ከፊሉ የእርሱ ነው። የምትተኛው ማድ ቤት ወይም ሳሎን፣ በር በሌለበት ሲሆን፣ ከአሠሪው ወይም ከአሠሪው ልጅ ጥቃት ቢደርስባት የምትነግረው ሰው የላትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (ቁጥር 1156/2011) እንዲህ ያለውን የግል አገልግሎት ቅጥር በወሰኑ ውስጥ አላካተተም።

ሌሊት ከቤት የተባረረች ልጅ በከተማው የምታውቀው ሰው ከሌለ፣ ማደሪያ የሚሰጣት ቡና ቤት ወይም ጠላ ቤት ነው፤ ወደ ወሲብ ንግድ የሚገባው በር ብዙ ጊዜ የማደሪያ በር ነው። በ2006 በአዲስ አበባ የተጀመረው "ብሩህ ተስፋ" የተባለው ፕሮግራም ይህን ተረድቶ፣ ሴት መካሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ አሠሪዎችን አስፈቅደው ልጆቹን በሳምንት ለተወሰኑ ሰዓታት በቀበሌ አዳራሽ ያሰባስቡ ነበር። ለልጆቹ የሚሰጠው ትምህርት ከፊደል ይጀምራል፤ ዋናው ጥቅሙ ግን ችግር ሲመጣ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ማግኘታቸው ይመስለኛል።

ተመሳሳይ ነገር በሁመራና በመተማ የሰሊጥ አዝመራ ወቅት፣ እንዲሁም በሞጆ፣ በአዋሽና በሎጊያ የጅቡቲ መኪና መንገድ ላይ ይታያል፤ ገንዘብ የያዙ፣ ከቤተሰብ የራቁ ወንዶች በሚሰበሰቡበት ሁሉ ሻይ የሚያፈሉና የሚያስተናግዱ ወጣት ሴቶች አሉ።

ትምህርት ቤት መቆየት ከቫይረስ እንዴት ይከላከላል?

ባዮሎጂ በመማር ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው አለ። ጥቅሙ ከዚያ ይሰፋል። ተማሪ የሆነች ልጅ የቅርብ ጓደኞቿ እኩዮቿ ናቸው፣ ጋብቻዋ ይዘገያል፣ በራሷ ገቢ የመተዳደር ተስፋዋም ይጨምራል። ቦትስዋና በ1996 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሥርዓቷን ስትለውጥ ብዙ ተማሪዎች አንድ ዓመት ያህል ጨምረው ተማሩ፤ ከዓመታት በኋላ የተደረገ ጥናት እያንዳንዱ ተጨማሪ የትምህርት ዓመት በቫይረሱ የመያዝን ዕድል በ8.1 መቶኛ ነጥብ እንደቀነሰ አሳየ።

በማላዊ ዞምባ ወረዳ ደግሞ ለልጃገረዶችና ለቤተሰቦቻቸው በየወሩ አነስተኛ ገንዘብ ተሰጠ። ከ18 ወር በኋላ ትምህርት ላይ ከነበሩት መካከል ገንዘቡ በደረሳቸው 1.2 በመቶ፣ ባልደረሳቸው 3.0 በመቶ ቫይረሱ ተገኘ። ገንዘብ ሁሉን ይፈታል ማለት ግን አይደለም፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተመሳሳይ ሙከራ ሲደረግ ልዩነት አልታየም፣ ምክንያቱም ልጆቹ ገንዘቡን አገኙም አላገኙ ቀድሞውኑ ከትምህርት ቤት አልቀሩም ነበር። በእኛም አገር በአማራ ክልል የተሞከረው "ብርሃነ ሔዋን" ልጃቸውን ሳይድሩ ለሁለት ዓመት ላቆዩ ቤተሰቦች አንዲት የቁም እንስሳ በመስጠትና ልጆቹን በመማር በማገዝ፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጆች ላይ ጋብቻን በእጅጉ ቀንሷል።

መንስኤው ድህነት ከሆነ፣ በከተማና በተሻለ ኑሮ ላይ ባሉ ሰዎች ስርጭቱ ለምን ከፍ ይላል?

ይህ ጥያቄ ብዙ ባለሙያዎችንም ያወዛግባል። በኢትዮጵያ ቫይረሱ ከድሃው ገበሬ ይልቅ በከተማ፣ ከዝቅተኛው የሀብት ደረጃም ይልቅ በከፍተኛው ላይ በብዛት ይገኛል። ስለዚህ "ድህነት ኤች አይ ቪን ያመጣል" የሚለው አባባል እንዳለ አይያዝም፤ ድሃ የሆነ የገጠር መንደር፣ ሰው ካልገባበትና ካልወጣበት፣ ቫይረሱ አይደርስበትም።

አደጋው ያለው ድህነትና ገንዘብ በሚገናኙበት ቦታ ነው። ገንዘብ ያለው ወንድ ይንቀሳቀሳል፣ ብዙ ግንኙነት የመመሥረት አቅምም አለው፤ ምንም የሌላት ወጣት ደግሞ በአንድ ሰው ላይ ጥገኛ ትሆናለች። ሁለቱ ተለያይተው ቢኖሩ ቫይረሱ መንገድ አያገኝም ነበር። መለኪያ መሆን ያለበት፣ እንደ እኔ እምነት፣ የአንዲት ሴት ገቢ ስንት ነው የሚለው ሳይሆን፣ ያንን ገቢ ሳታጣ "አይሆንም" ማለት ትችላለች ወይ የሚለው ነው።

ታዲያ ኮንዶም አድርግ ለማለት ምን ይከብዳል?

"ካልተማመንን ለምን አብረን ሆንን?" የሚለው መልስ በምክር ክፍል ውስጥ በተደጋጋሚ ይሰማል። ኮንዶም በብዙዎች ዘንድ ለቡና ቤት እንጂ ለፍቅር እንዳልሆነ ስለሚታሰብ፣ ራሷ ከቦርሳዋ ያወጣች ልጅ ልምድ ያላት ተብላ ትጠረጠራለች፤ ከሰፈሯ ሱቅ መግዛትም ለእናቷ እስኪደርስ ድረስ የሚወራ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ዱላ አለ። በ2016ቱ ጥናት ሴቶች ራሳቸው፣ 63 በመቶ የሚሆኑት፣ ባል ሚስቱን ቢያንስ በአንድ ምክንያት ቢመታ ተገቢ ነው ብለው መልሰዋል። በዚህ ሁኔታ ለምትኖር ሴት ኮንዶም መጠየቅ የቃላት ችሎታ ጉዳይ አይደለም።

የመደፈር ጥቃት የደረሰባት ሴት ምን ታድርግ?

በተቻለ ፍጥነት፣ ከ72 ሰዓት በፊት፣ ወደ ጤና ተቋም ትሂድ። የተጋለጠ ሰው የሚወስደው የመከላከያ መድኃኒት ከዚያ ጊዜ ካለፈ አይሰጥም፤ ቶሎ ሲጀመር ይበልጥ ይሠራል፤ ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ለማስረጃ ሲባል ከምርመራው በፊት አለመታጠብና ልብስ አለማጠብ ይመከራል፤ ታጥባ ከሆነም ግን ከመሄድ አትቅር። በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታልን ጨምሮ በአንዳንድ ከተሞች ሕክምናው፣ የፖሊስ ቃልና የሥነ ልቦና ድጋፉ በአንድ ቦታ የሚሰጥባቸው ማዕከላት አሉ።

እዚህ ላይ ሁለት መሰናክሎች ይታያሉ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ሲተረጉም ከጋብቻ ውጭ የተፈጸመውን ብቻ ስለሚል፣ በባሏ የተደፈረች ሴት በዚህ አንቀጽ አትጠበቅም፤ የሕክምና መብቷ ግን አይቀርም። ሁለተኛው ጦርነት ነው፦ ከ2020 እስከ 2022 በሰሜኑ ጦርነት ጥቃት የደረሰባቸው ብዙ ሴቶች፣ ጤና ተቋማቱ ወድመውና መንገድ ተዘግቶ፣ 72ቱ ሰዓት ያለ መድኃኒት አልፎባቸዋል።

ከጋብቻ በፊት ተመርምረናል፤ ይበቃ የለም?

ጥሩ ጅማሮ ነው፣ ብዙ የሃይማኖት ተቋማትም ወረቀቱን መጠየቃቸው ጠቅሟል። ሆኖም ወረቀቱ የሚናገረው ስላለፈው ጊዜ ነው። በቅርቡ የተያዘ ሰው ፈጣኑ ምርመራ ላይ እስከ ሦስት ወር ድረስ ነጻ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ከሠርጉ በኋላ የሚሆነውንም ወረቀት አይከለክለውም። ባል ለሥራ ለወራት በሚርቅበት ትዳር ሁለቱም በየጊዜው አብረው ቢመረመሩ ይሻላል፤ በነፍሰ ጡርነት ክትትል ጊዜ ባልን ይዞ መሄድ ለዚህ ቀላሉ አጋጣሚ ነው። በአገሪቱ መመሪያ መሠረት 15 ዓመት የሞላት ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ መመርመር ትችላለች።

ቫይረሱ የተገኘባት ወጣት ለባሏ ወይም ለጓደኛዋ ብትነግረው ትጣላለች፤ ምን ይሻላታል?

ፍርሃቱ መሠረት አለው። በነፍሰ ጡርነት ክትትል ምክንያት ቀድማ የምትመረመረው ሴቷ በመሆኗ፣ ቀድማ የሰማችው ራሷ እያለች "አመጣሽብኝ" ትባላለች፤ ከቤት የተባረሩም አሉ። ስለዚህ ብቻዋን እንድትነግረው ከመገፋፋት ይልቅ፣ ባለሙያ ባለበት ሁለቱም እንደ አዲስ አብረው እንዲመረመሩ ማድረግ ይቻላል፤ የዱላ ስጋት ካለ ደግሞ ደኅንነቷ ይቀድማል።

መድኃኒቷን በአግባቡ ወስዳ የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ የደረሰላት ሴት ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት አታስተላልፍም፤ ጤነኛ ልጅም ልትወልድ ትችላለች። ይህን ብዙ ባሎች አልሰሙትም። ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ያሰበች ግን፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ቫይረሱ የተገኘበትን ሠራተኛ እንደማይቀበሉ አስቀድማ ብታውቅ ለደላላ ከመክፈል ትድናለች።

ቀድሞ የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ ይባላል፤ ለወጣት ሴቶች መፍትሔ አይሆንም?

አለ። በየቀኑ የሚወሰደው እንክብል በኢትዮጵያ በተለይ በወሲብ ንግድ ለሚተዳደሩ ሴቶችና ቫይረሱ ያለበት የትዳር ጓደኛ ላላቸው ሰዎች ይሰጣል። ችግሩ ያለው ብልቃጡ ላይ ነው፤ ቦርሳ ውስጥ ይንኳኳል፣ መልኩም ቫይረሱ ያለበት ሰው ከሚወስደው መድኃኒት ጋር ይመሳሰላል፣ ያየው ሰውም "ይዟታል" ይላል። በዚህ የተነሣ ብዙዎች ያቋርጡታል። በ2024 ውጤቱ የተነገረው ሌናካፓቪር የተባለው መርፌ በስድስት ወር አንድ ጊዜ የሚወጋ ሲሆን፣ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ በተደረገው ሙከራ መርፌውን ከወሰዱት 2,134 ወጣት ሴቶች አንዷም አልተያዘችም፤ በ2025 የዓለም ጤና ድርጅት እንዲሰጥ መክሯል። መርፌ ብልቃጥ የለውም፤ ማንም አያየውም።

ሁሉን በማኅበረሰቡ ላይ ማላከክ የግል ኃላፊነትን አያስቀርም?

አያስቀርም፤ ኃላፊነቱ ግን ምርጫው ባለበት ሰው ዘንድ ይፈለግ። እስካሁን ምክሩ ሁሉ የሚነገረው ለልጃገረዷ ሲሆን፣ ብዙ አማራጭ ያለው የ30 እና የ35 ዓመት ወንድ ግን ጤና ጣቢያ አይመጣም። ሴቷ በወሊድ፣ በቤተሰብ ምጣኔና በልጅ ክትባት ምክንያት ስትመላለስ ትመረመራለች፤ እርሱ እስኪታመም ድረስ አይመረመርም፣ ሳያውቅም ለዓመታት ያስተላልፋል።

ስለዚህ ወጣት ሴቶችን ለመከላከል ከሚደረጉት ሥራዎች አንዱ፣ ከሴቶቹ ርቆ፣ ወንዶች ባሉበት ቦታ መሆን አለበት፦ በመናኸሪያ፣ በግንባታ ቦታ፣ በአዝመራ ካምፕ፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ ክፍት በሆነ ጤና ጣቢያ። ቫይረሱ ከተገኘበት ሰው ተነሥቶ የቀድሞና የአሁን ጓደኞቹን በምስጢር እየጋበዙ መመርመር በብዙ ጤና ጣቢያዎች ተጀምሯል፤ በዚህ መንገድ ተገኝቶ መድኃኒት የጀመረና ቫይረሱ የተገታለት አንድ ወንድ፣ ከእርሱ በኋላ የምትመጣው ልጅ ምንም ሳትጠይቀው ከእርሱ በኩል ቫይረሱ አይደርስባትም።